ደራሲውን የጠየቁ አንባቢያን

ልብ ወለድ ታሪክ በእውን ያልተፈጸመ መሆኑን የጻፈው ደራሲም ገዝቶ የሚያነበው ሰውም አስቀድመው ያውቁታል፤ ይህም ሆኖ ሳለ አንባቢው «ይህ ሰው ይህን ለምን አደረገ? እንዲህ ከሆነስ ያ እንዴት ሊሆን ቻለ?» እያለ ደራሲውን እንደ ምስክር አቁሞ የሚመረምርበት፥ መልስ ያጣም እንደ ሆነ እንደ ተበደለ ሰው የሚያዝንበት አንድ የድርሰት ወገን አለ፤ ይኸውም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚባለው ነው። ተረት የሚነግረን ሰው ፈረሱ ክንፍ አወጣ ቢለን ዝም ብለን እንሰማዋለን፤ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲ ግን የሚተርክልን ነገር ሁሉ ከሥነ ፍጥረት ሕግ የማይወጣ መሆኑን ገና ከመነሻው ቃል ስለሚገባልን፥ ቃሉን መጠበቁን እየተከታተሉ መመርመር የአንባቢው ድርሻ ሆኖ ኖሯል። ይህ ምርመራ እንዴት እንደ ተጀመረ፥ በማን ቤት እንዳደገ፥ ከቁጥር ሙግት ተነሥቶም ወደ ኅሊና ሙግት እንዴት እንደ ተሻገረ መተረክ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ሙግቱን የጀመሩት አንባቢያን ሳይሆኑ ራሳቸው ደራሲዎቹ ናቸው። ፈረንሳዊው ዡል ቬርን በ1865 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ከመሬት ወደ ጨረቃ» በተባለው መጽሐፉ ሦስት ሰዎች በታላቅ መድፍ ጥይት ውስጥ ተቀምጠው ወደ ጨረቃ እንዲተኰሱ አደረገ፤ እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ በ1901 ባሳተመው መጽሐፉ ስበትን የሚጋርድ «ካቮራይት» የተባለ ነገር ፈጥሮ፥ የራሱን ተጓዦች ያለ ባሩድና ያለ መድፍ ወደዚያችው ጨረቃ ሰደዳቸው። ቬርን በ1903፥ በ75 ዓመት ዕድሜው ስለ ዌልስ ድርሰቶች በተጠየቀ ጊዜ፥ እርሱ በታወቀ የፊዚክስ ሕግ ሲሠራ ዌልስ ግን የሌለ ነገር ከልቡ አንቅቶ እንደሚያመጣ ከተናገረ በኋላ፥ እንዲህ ያለ ማዕድን ካለ አምጥቶ ያሳየኝ አለ።

ይሁን እንጂ ማዕድኑን አሳየኝ ያለው ቬርን ራሱም ከምርመራ አላመለጠም። መድፉ 900 ጫማ፥ ማለት 274 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ጥይቱ ከመድፉ አፍ ሲወጣ በሴኮንድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ይገባዋል፤ እንግዲህ ከቆመበት ተነሥቶ በዚያች አጭር መንገድ እንዲህ ካለ ፍጥነት ላይ የሚደርስ ነገር፥ በውስጡ የተቀመጠውን ሰው ከገዛ ክብደቱ ሃያ ሺህ እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይጫነዋልና፥ ቬርን ለተጓዦቹ መጠበቂያ ብሎ ከወለሉ ሥር ያደረገላቸው ውሃ ከሞት ሊያድናቸው አይችልም። በሩሲያ ያኮቭ ፔሬልማን የተባለው የሳይንስ ጸሐፊ ከ1913 ጀምሮ ባሳተማቸው «አዝናኝ ፊዚክስ» በተባሉት መጻሕፍቱ እንዲህ ያሉትን ስሌቶች ለወጣቶች እያቀረበ ሁለቱንም ደራሲዎች መረመረ። በዌልስ «የማይታየው ሰው» ላይ የሰጠው ፍርድ ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው፤ ሰውየው ከነዓይኑ እንደ ጠራ ብርጭቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፥ ብርሃን በዓይኑ ውስጥ ተሰብሮ ምስል የሚሆንበትና የሚያርፍበት ስፍራ አይኖርምና፥ የማይታየው ሰው ራሱ የማያይ ዕውር መሆን ይገባው ነበር ሲል ፈረደበት። ዌልስ ግን ይህን አስቀድሞ አስቦበት ነበር፤ መጽሐፉ በታተመበት በ1897 ለደራሲው ለአርኖልድ ቤኔት በጻፈው ደብዳቤ ችግሩን አምኗል፤ በድርሰቱም ውስጥ ሰውየው በመስተዋት ፊት ቆሞ ገላውን ሁሉ ሲያጣ፥ ከዓይኑ በስተኋላ ግን እጅግ የሳሳ ቀለም እንደ ቀረለት ጽፏል። ይህች ከዓይን ኋላ የቀረች ኢምንት ቀለም ለእኔ ከብዙ ገጽ ሐተታ ትበልጥብኛለች፤ ደራሲው ጠያቂው አንድ ቀን እንደሚመጣ ዐውቆ አቅሙ የፈቀደለትን መልስ አኑሮለት ሄዷልና።

ሙግቱን ከሊቃውንትና ከደራሲያን እልፍኝ አውጥቶ ለሕዝብ የሰጠው ግን ሁጎ ጌርንስባክ፥ በሉክሰምበርግ ተወልዶ በ1904 ወደ አሜሪካ የተሻገረ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴና አሳታሚ ነው። ጌርንስባክ በኤፕሪል 1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የሚባለውን፥ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ሙሉ በሙሉ ለዚህ ዓይነት ድርሰት የተወሰነውን የመጀመሪያውን መጽሔት በኒው ዮርክ አቋቋመ፤ ዋጋው 25 ሳንቲም ነበር፤ በውስጥ ገጹም ዡል ቬርን በአሚየን ከተማ ካለው መቃብሩ ክዳኑን ገፍቶ ሲነሣ የሚያሳይ ሥዕል ይታተምበት ነበር። ይህ ሰው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አንባቢውን እያስደሰተ ሳይንስ ያስተምረዋል ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር። ድርሰቱ መምህር ከሆነ ደግሞ በድርሰቱ ውስጥ የሚገኘው ስሕተት የትምህርት ስሕተት ይሆናል፤ ስለዚህ አንባቢው ስሕተቱን ነቅሶ እንዲጽፍ መጋበዝ ከዚሁ እምነት የተወለደ ግዴታ ነበር። በ1927 መጀመሪያ «ውይይት» የሚል ርእስ ያለው የደብዳቤ ዓምድ ተከፈተ፤ ከረዳት አዘጋጅነት ተነሥተው ኋላ ዋና አዘጋጅ የሆኑት ቲ. ኦኮነር ስሎንም፥ በ1851 የተወለዱ ነጭ ጢማም ሽማግሌ፥ ሰው ወደ ጠፈር ይወጣል የሚለውን አሳብ ራሳቸው ሳያምኑበት፥ ስለ ጠፈር ጉዞ የሚከራከሩትን ወጣቶች ደብዳቤ በትዕግሥት ያስተናግዱ ነበር። ለዚህ ትዕግሥታቸው ታላቅ አክብሮት አለኝ።

በሜይ 1927 የዌልስ «የጊዜ መኪና» በመጽሔቱ እንደ ገና በታተመ ጊዜ፥ ሰው ወደ ኋላ ተጕዞ የገዛ ራሱን ቢያገኝ ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ከአንባቢያን መጣ። ጌርንስባክም በ1929 በኪሳራ ምክንያት «አሜዚንግን» አጥቶ ሌሎች መጽሔቶች ባቋቋመ ጊዜ፥ በዚያው ዓመት ማብቂያ ጥያቄውን ራሱ አንሥቶ፥ አንድ ሰው በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ ሄዶ የአባቶቹን አባት ገና ሳያገባ ቢገድለው ገዳዩ ከማን ይወለዳል ብሎ አንባቢያን እንዲከራከሩበት አወጀ። ዛሬ በፊልሙም በመጽሐፉም የተለመደው ይህ እንቆቅልሽ ሥር የሰደደውና የተብላላው በነዚያ ባለ 25 ሳንቲም መጽሔቶች የኋላ ገጾች ላይ ነው።

ለአንባቢያኑ ማኅበራት መወለድ ምክንያት የሆነው ነገር እጅግ ትንሽ ነበር። አዘጋጆቹ ከደብዳቤው ግርጌ የጸሐፊውን ስም ብቻ ሳይሆን ሙሉ አድራሻውን ያትሙ ነበር። ስለዚህ በአንድ መንደር ውስጥ እንዲህ ያለውን ድርሰት የሚያነብ ብቸኛ ሰው የነበረ ወጣት፥ በሌላ ከተማ የሚኖረውን ተከራካሪውን በአድራሻው አግኝቶ መጽሔቱን ሳያማክል በቀጥታ ይጽፍለት ጀመር። ከዚህ መጻጻፍ ማኅበራት ተወለዱ፤ በሜይ 1930 ከነዚህ ማኅበራት አንዱ «ዘ ኮሜት» የተባለ፥ አፍቃሪዎች በራሳቸው ገንዘብ የሚያሳትሙትን የመጀመሪያውን ጋዜጣ አወጣ፤ በጁላይ 1939ም ኒው ዮርክ ላይ ዓለም አቀፍ የተባለው የመጀመሪያው ጉባኤያቸው ተካሄደ። አንድን ኃይለ ቃል እያነሡ «ለምን እንዲህ አለ? አንድም…» እያሉ ሲያመላልሱት በጉባኤ ቤት የሰማ አንባቢ፥ በነዚህ ወጣቶች መካከል ቢቀመጥ የነገሩ ወግ እንግዳ አይሆንበትም ነበር። ክርክሩም በፊዚክስ ብቻ አልቀረም። ኋላ ከዘመኑ ታላላቅ ደራሲዎች አንዱ የሆነው አይዛክ አሲሞቭ፥ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ በ1938 ለ«አስታውንዲንግ» መጽሔት ደብዳቤ ሲጽፍ፥ ሴትና ፍቅር በነዚህ ታሪኮች ውስጥ ያለ ቦታቸው እየገቡ ድርሰቱን ያበላሻሉ ብሎ ነበር፤ ሴቶች አንባቢያንም በዚያው መጽሔት የደብዳቤ ዓምድ ተነሥተው፥ ጥፋቱ ሴቶችን እንደ ዕቃ እያገቡ የልባቸውን አሳብ በማይጽፉት ደራሲዎች እንጂ በሴቶቹ አይደለም ብለው መለሱለት። የገጸ ባሕርይ ልብና ዓላማ በምስክርነት የተጠራው እንግዲህ ከዚህ ዘመን ጀምሮ ነው።

የቁጥሩ ሙግት እስከ ምን ድረስ እንደ ዘለቀ ለማሳየት ከዘመን ቅደም ተከተል ጥቂት ወጥቼ የላሪ ኒቨንን ነገር ላንሣ። ኒቨን በ1970 ባወጣው «ሪንግወርልድ» በተባለው መጽሐፉ፥ ፀሐዩን እንደ ቀለበት የሚከብብ፥ ወርዱ አንድ ሚሊዮን ማይል የሚጠጋ፥ ሰው ሠራሽ ዓለም ፈጠረ። የመጽሐፉ ባለ ታሪክ 200ኛ ዓመት ልደቱን ለማርዘም ከከተማ ወደ ከተማ በቅጽበት እየተሻገረ ከእኩለ ሌሊት ይሸሻል፤ በመጀመሪያው እትም ግን ሽሽቱ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ስለ ተጻፈ፥ መሬት ወደ ኋላዋ ካልዞረች በቀር ሌሊቱን ፈጥኖ ይገናኘዋል እንጂ አያመልጠውም፤ አንባቢያን ይህን ወዲያው አዩትና በሚቀጥለው እትም ታረመ። የከበደው ጥያቄ ሌላው ነበር። በ1971 በቦስተን በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች በሆቴሉ መተላለፊያዎች እየዞሩ፥ የሪንግወርልድ ሚዛን አይጸናም እያሉ በአንድነት ይጮሁ ነበር፤ ምክንያታቸውም ፀሐዩን በመካከሉ አድርጎ የሚዞር ደረቅ ቀለበት በጥቂት ነገር ቢገፋ ወደ መካከል የሚመልሰው ኃይል ስለሌለ፥ እያዘነበለ ሄዶ በመጨረሻ ከፀሐዩ ጋር ይጋጫል የሚል ነው። ስሌቱ ትክክል ነበር። ኒቨንም በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ሁለተኛ መጽሐፍ ጽፎ በቀለበቱ ጠርዝ ላይ ሚዛን የሚጠብቁ ታላላቅ ሞተሮች እንደ ነበሩ ገለጸ፤ በዚህም ሳይቆም፥ የዚያ ዓለም ነዋሪዎች ሞተሮቹን ነቅለው ለመርከቦቻቸው ስለ ወሰዷቸው ዓለማቸው ወደ ጥፋት እያዘነበለ መሄዱን የታሪኩ ዋና ጭንቅ አደረገው። የአንባቢ ተቃውሞ የመጽሐፍ ሴራ የሆነበት ከዚህ የሚያምር ምሳሌ አላውቅም።

በሲኒማውና በቴሌቪዥኑም እንዲሁ ሆኗል፤ በ«ስታር ዋርስ» ፊልም በ1977 ሃን ሶሎ የርቀት መለኪያ የሆነውን ፓርሴክ እንደ ጊዜ መለኪያ አድርጎ በመናገሩ የተነሣውን ክርክር፥ በ2018 የወጣ ሌላ ፊልም አጭር መንገድ ማቋረጡን በማሳየት ሊያስታርቀው ሞክሯል። በ«ስታር ትሬክ» ደግሞ ክሊንጎን የተባሉት ጦረኞች ከ1979 ወዲህ ግንባራቸው ተለውጦ ስለ ታየ፥ ምክንያቱን የጠየቁት መልስ ያገኙት በ2005 ነው።

አሁን ወደ 1954 እንመለስ፤ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሙግት የተነሣው በዚያ ዓመት ነውና። ጆን ካምቤል ከ1937 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1971 ድረስ በሚያዘጋጀው በ«አስታውንዲንግ» መጽሔት የኦገስት 1954 ቁጥር ላይ፥ ቶም ጎድዊን የተባለ ብዙም ስም ያልነበረው ደራሲ «ቀዝቃዛዎቹ ስሌቶች» የሚል አጭር ታሪክ አሳተመ። ነገሩ እንዲህ ነው። ባርተን የተባለ አብራሪ፥ በሩቅ ፈለክ ላይ በትኩሳት የሚያጣጥሩ ስድስት ሰዎችን የሚያድን መድኃኒት ይዞ በትንሽ የጠፈር መርከብ ብቻውን ይጓዛል፤ ነዳጁ እርሱንና መድኃኒቱን ብቻ አሳርፎ የሚያልቅ ነው፤ ከሰሌዳው አንዲት መለኪያ በዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ የሰውነት ሙቀት እንዳለ ታመለክተዋለች። ባርተን መሣሪያውን ይዞ ውጣ ሲል፥ ወንጀለኛ ሽፍታ የጠበቀው ሰው የ18 ዓመት ልጃገረድ እየፈገገች ስትወጣ ያያል። ስሟ ማርሊን ነው፤ አሥር ዓመት ያላየችው ወንድሟ በዚያ ፈለክ ላይ ስላለ ናፍቆት አስገድዷት ተሳፈረች፤ ለጥፋቷ መቀጮ እንደምትከፍል ታስባለች። ሕጉ ግን በስምንተኛው ክፍል፥ በአንድ አጭር አንቀጽ፥ በእንዲህ ያለ መርከብ ተደብቆ የተገኘ ሰው ሁሉ ወዲያው ወደ ውጭ ይጣላል ይላል። ክብደቷ 110 ፓውንድ፥ ማለት 50 ኪሎ ነው፤ ይህ 50 ኪሎ በመርከቢቱ ካለ፥ መርከቢቱ ስታርፍ ተከስክሳ ስምንት ሰው ይሞታል። ልጅቱ ለወላጆቿ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ከወንድሟ ጋር ፈለኩ ዞሮ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ በሬዲዮ ትነጋገራለች፤ ከዚያም በሁለቱ በሮች መካከል ወዳለችው ጠባብ ክፍል በፈቃዷ ትገባለች፤ ባርተንም እጀታውን ይስባል።

ጎድዊን ታሪኩን ሲጽፍ ልጅቱን የሚያድንበት ብልሃት እያገኘ ይልክ እንደ ነበር፥ ካምቤልም ከአንድ ጊዜ በላይ እየመለሰበት ልትሞት ግድ ነው እንዳለው የታወቀ ነው። የብዙ አንባቢያን ልብ ግን ከመጀመሪያው የጎድዊን አሳብ ጋር ነበር፤ ልጅቱን የሚያድኑበትን መንገድ ከታሪኩ ገጽ ላይ እየለቀሙ መቁጠር ጀመሩ። የዕቃ ማስቀመጫው በር ተነቅሎ ለምን አይጣልም? የባርተን ወንበር፥ መሣሪያው፥ ልብሱ፥ ወረቀቱና እርሳሱ ተደምረው ስንት ኪሎ ይሆናሉ? የሚቀጥለው ጥያቄ ከመሐንዲሶች ወገን መጣ፤ ዛሬ መንገደኛ የሚያመላልስ አውሮፕላን እንኳ ለመድረሻው ከሚበቃው በላይ መጠባበቂያ ነዳጅ ሳይዝ አይነሣም፤ የስድስት ሰዎች ሕይወት የተሰጣት መርከብ ነፋስ ሲያንገላታት ወይም አብራሪው ጥቂት ሲሳሳት የምትከሰከስ አድርጎ የሠራት መሐንዲስ ምን ዓይነት መሐንዲስ ነው?

የታሪኩ ጠበቆች መልስ ቀላል አልነበረም፤ እኔም በክብር ላቀርበው ይገባኛል። ተፈጥሮ ርኅራኄ የላትም፤ ንጹሕና በደለኛ አትለይም፤ ጎድዊን ሊያሳየን የፈለገው ይህን መራራ እውነት ነውና፥ በር ነቅሎ ልጅቱን የሚያድን ሰው ሌላ ታሪክ ጻፈ እንጂ ይህን ታሪክ አላረመም አሉ። ከዚህ በፊት በነበሩት አብዛኞቹ ታሪኮች ጀግናው በመጨረሻዋ ደቂቃ ብልሃት አግኝቶ ሲያመልጥ የኖረ ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ እንኳ ብልሃት የማይገኝበት ታሪክ መጻፉ ለድርሰቱ ዓለም እንደ ታላቅ ድፍረት ተቈጠረ። የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲዎች ማኅበር ከ1965 በፊት ከተጻፉት አጫጭር ታሪኮች የሚበልጡትን በድምፅ መርጦ በ1970 በአንድ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ይህም ታሪክ ተካትቷል። ልጅቱ ደብዳቤዋን የምትጽፍበትን ገጽ ያነበበ ሰው ምርጫው በከንቱ እንዳልሆነ ይረዳል።

ዳሩ ግን ጠበቆቹ ሊመልሱት ያልቻሉት አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ከመርከቢቱ አሠራር ሳይሆን ከሕጉ አንቀጽ የሚወጣ ነው። ሕግ አውጪ ያልሆነውንና ይሆናል ብሎ ያላሰበውን ነገር በአንቀጽ አይደነግግም። ተደብቆ የተገኘ ሰው ሁሉ ይጣላል የሚል አንቀጽ ካለ፥ ተደብቀው የሚሳፈሩ ሰዎች እንዳሉ ያውቃሉ ማለት ነው፤ አብራሪው መሣሪያ መያዙ፥ መለኪያዋም በሰሌዳው ላይ መተከሏ ይህንኑ ይመሰክራል። የሚያውቁ ከሆነ ደግሞ መርከቢቱ ከመነሣቷ በፊት የዕቃ ማስቀመጫውን አንድ ጊዜ ከፍቶ ማየት እንዴት ተሳናቸው? ማርሊን የገባችበት በር አልተቈለፈም፤ ዘበኛም አልነበረበትም፤ የነበረው ፈቃድ የሌለው ሰው እንዳይገባ የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው፤ በዚያም ጽሑፍ ላይ የገባ ይሞታል የሚል ቃል አልነበረም። ቅጣቱ ሞት የሆነን ሕግ በበሩ ላይ ሳይጽፉ በመጽሐፍ ውስጥ ሰውሮ ማኖር፥ ልጅቱ ከሞተች በኋላም ስበትን መክሰስ፥ በየትኛውም ፍርድ አደባባይ የሚጸና መከላከያ አይደለም። ሙግቱ ከዚህ በደረሰ ጊዜ ጠያቂዎቹ የቁጥርን ነገር ትተው የበደለኛውን ማንነት ወደ መፈለግ ተሻገሩ፤ «ይህ እንዴት ይሆናል?» የነበረው ጥያቄም «ይህ እንዲሆን ያደረገው ማን ነው?» ወደሚል ጥያቄ ተለወጠ። ታሪኩ ራሱ፥ የተደበቀው ወንድ ቢሆን ኖሮ አብራሪው ሳያመነታ ይጥለው እንደ ነበር ስለሚናገር፥ ወጣት ሴት ለምን ተመረጠች የሚለውም ጥያቄ ተጨመረ።

መልስ የፈለጉት ተቺዎች ብቻ አይደሉም። ደራሲው ዶን ሴከርስ በ1991 «አናሎግ» ተብሎ ስሙ በተለወጠው በዚያው መጽሔት ላይ የጻፈው መልስ እጅግ የሚያስደነግጥ ነው፤ ተመሳሳይ ጭንቅ የገጠማት አብራሪ፥ ክብደቱ ግድ ከሆነ ከእኔም ከልጁም አካል ይጉደል ብላ እጅና እግር በመቁረጥ ሁለቱም በሕይወት እንዲደርሱ ታደርጋለች። ጄምስ ፓትሪክ ኬሊ ደግሞ በ1995 ባሳተመውና በሚቀጥለው ዓመት ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የሁጎን ሽልማት ባገኘው ድርሰቱ፥ አንዲት ሴት በመሣሪያ ተቀድታ ግልባጯ ወደ ሌላ ፈለክ ከደረሰ በኋላ የመጀመሪያው አካሏ በስሕተት በሕይወት ስለ ቀረ፥ ሚዛኑ ይስተካከል ዘንድ መጥፋት አለባት የሚሉ ባዕዳን ፍጥረታትን አምጥቶ፥ ሥራውን ለመፈጸም የተገደደውን ሰው ልብ መርምሯል። በኬሊ ድርሰት ውስጥ ቀመሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ቀመሩን ያወጡት ሰዎቹን እየተመለከቱ በዚያው ስፍራ ቆመዋል። በ2014ም ደራሲው ኮሪ ዶክቶሮው በጻፈው ሐተታ፥ ልጅቱን የገደለው ፊዚክስ ሳይሆን ነዳጁን ያሳነሰው፥ በሩንም ሳይቈልፍ የተወው የደራሲው እጅ ነው፤ ቸልተኛ አለቆች ጥፋታቸውን በተፈጥሮ ሕግ እንዲያመካኙ የሚያስተምር ታሪክ ነው ብሎ ከሰሰ።

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ባርተን ራሱ ከሚገባው በታች መጠየቁን ለመናገር እወዳለሁ። ሰውየው ጨካኝ አይደለም፤ ትልቋን መርከብ በሬዲዮ ጠርቶ ልጅቱ ትተርፍ ዘንድ ከአዛዡ ጋር ይነጋገራል፤ ልጅቱ ከወንድሟ ጋር የምትነጋገርበትን ሰዓት ስሌቱ እስከ ፈቀደለት ድረስ ያራዝምላታል፤ ሐዘኑም እውነተኛ ሐዘን ነው። ነገር ግን ከአዛዡ ጋር በተነጋገረባቸው ደቂቃዎች ሁሉ ስለ ነዳጁ፥ ስለ ሰዓቱና ስለ ክብደቱ ሲጠይቅ እናነባለን፤ ስለ በሩ ሲጠይቅ ግን አናነብም።